ሻምበል አበበ ቢቂላ፤ ከሩጫ ሜዳ እስከ ተሽከርካሪ ወንበር

ከማንበባችሁ በፊት

የሚከተለው ምንባብ የአንድ ታዋቂ ሰው የሕይወት ታሪክ ነው። ምንባቡን ከመጀመራችሁ በፊት በእነዚህ ሁለት ጥያቄዎች ላይ ተወያዩ።

1. ስለ አበበ ቢቂላ የምታውቁት ምንድን ነው? የምታውቁትስ የትኛውን የሕይወቱን ክፍል ነው?
2. በአካባቢያችሁ ከፈረስ፣ ከዛፍ ወይም ከመኪና ወድቆ ወገቡን ወይም አንገቱን የተጎዳ ሰው ሲያጋጥም ሰዎች መጀመሪያ ምን ያደርጋሉ?

ምንባብ

የአበበ ቢቂላን ስም ያልሰማ ተማሪ በአገራችን ውስጥ አይገኝም ለማለት ይቻላል። ይሁን እንጂ አብዛኛው ሰው የሚያውቀው የዚህን ጀግና የሕይወት ታሪክ ግማሹን ብቻ ነው። በባዶ እግሩ ሮጦ ዓለምን ማስደነቁ ዘወትር ይነገራል፤ እግሮቹ አልታዘዝ ካሉት በኋላ ስላሳለፈው የአራት ዓመት ተመንፈቅ ኑሮ ግን የሚናገር ጥቂት ነው። ሰው በብርታቱ ጊዜ የሚሠራው ሥራ አንድ ነገር ነው፤ ብርታቱን በተነጠቀ ጊዜ የሚያሳየው ጠባይ ደግሞ ሌላ ነገር ነው። የአበበን ማንነት በሙሉ ለማወቅ የሚፈልግ ሰው ሁለቱንም ማጥናት ይገባዋል።

አበበ ቢቂላ ነሐሴ 1 ቀን 1924 ዓ.ም. በሰሜን ሸዋ፣ ጃቶ በተባለች የገጠር መንደር ተወለደ። እርሱ በተወለደበት ዕለት በአሜሪካ አገር በሎስ አንጀለስ ከተማ የኦሊምፒክ የማራቶን ውድድር ይካሄድ ነበር። በልጅነቱ እንደ ማንኛውም የባላገር ልጅ በሜዳና በኮረብታ ላይ እየሮጠ፣ የገና ጨዋታም እየተጫወተ አደገ። ለአቅመ አዳም ሲደርስ ወደ አዲስ አበባ መጥቶ በክብር ዘበኛ ሠራዊት ውስጥ በወታደርነት ተቀጠረ። በዚያም ሳለ ስዊድናዊው አሠልጣኝ ኦኒ ኒስካነን ተመልክተውት ለረጅም ርቀት ሩጫ አሠለጠኑት።

የማራቶን ርቀት 42 ኪሎ ሜትር ከ195 ሜትር ነው። የምዕራብ ሸዋ ተማሪዎች ይህን ርቀት በቀላሉ ሊገምቱት ይችላሉ። አንድ ሰው ከአዲስ አበባ ተነሥቶ እስከ ሆለታ አካባቢ ሳያርፍ ቢሮጥ አንድ ማራቶን ያህል ሮጠ ማለት ነው። እስከ አምቦ ቢቀጥል ደግሞ ወደ ሦስት ማራቶን የሚጠጋ ርቀት ይሆንበታል።

ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም. በኢትዮጵያ የዘመን መለወጫ ዋዜማ ነበር። በዚያ ምሽት በጣሊያን ዋና ከተማ በሮም የኦሊምፒክ ማራቶን ተካሄደ። አበበ የተሰጠው ጫማ ስላልተስማማው በልምምድ ጊዜ ያደርገው እንደነበረው በባዶ እግሩ ለመሮጥ ወሰነ። ጨለማውን በችቦ ብርሃን እየተረዱ ከሚሮጡት ከብዙዎቹ መካከል በመጨረሻ ሁለት ብቻ ከፊት ቀሩ፤ እነርሱም አበበና የሞሮኮው ራዲ ቤን አብደሰላም ነበሩ። ጣሊያኖች በወረራው ዘመን ከአገራችን ወስደው በሮም አደባባይ ያቆሙት የአክሱም ሐውልት በመንገዱ ዳር ይታይ ነበር። አበበ ወደ ፍጻሜው ሲቃረብ ፍጥነቱን ጨምሮ ተፎካካሪውን በ25 ሴኮንድ ቀድሞ ገባ። የፈጀበትም ጊዜ 2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሴኮንድ ሲሆን ይህ በጊዜው ከዓለም ሁሉ የሚበልጥ ውጤት ነበር። ኢትዮጵያን ለመውረር ጦር ከተላከባት ከተማ አንድ ኢትዮጵያዊ ወታደር የወርቅ ሜዳይ ይዞ ተመለሰ።

ከአራት ዓመት በኋላም የቶኪዮ ኦሊምፒክ ደረሰ። ውድድሩ አምስት ሳምንት ያህል ሲቀረው አበበ የትርፍ አንጀት ሕመም ስለያዘው ቀዶ ሕክምና ተደረገለት። ይድናል እንጂ ይሮጣል ብሎ የገመተ ብዙ ሰው አልነበረም። እርሱ ግን ቁስሉ እንደ ጠገገ ልምምዱን ቀጥሎ ጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ.ም. ዳግመኛ አሸነፈ። በዚህ ጊዜ የሮጠው ጫማ አድርጎ ነው። ሁለተኛ የወጣውን ሯጭ ከአራት ደቂቃ በላይ በልጦት ስለነበር ተከታዩ ወደ ስታዲየሙ ከመግባቱ በፊት እርሱ በሣሩ ላይ ሆኖ ሰውነቱን ያፍታታ ጀመር። በኦሊምፒክ ታሪክ ማራቶንን ሁለት ጊዜ በማሸነፍ እርሱ የመጀመሪያው ሰው ነው። በ1961 ዓ.ም. በሜክሲኮ ለሦስተኛ ጊዜ ቢሰለፍም እግሩን ታሞ ስለነበር 17 ኪሎ ሜትር ያህል ከሮጠ በኋላ አቋረጠ፤ ድሉንም የአገሩ ልጅ ማሞ ወልዴ ተቀበለው።

ይህ በሆነ በአምስተኛው ወር የአበበን ሕይወት የለወጠው አደጋ ደረሰ። መጋቢት 13 ቀን 1961 ዓ.ም. በሌሊት ቮልስ ዋገን መኪናውን እየነዳ ሲጓዝ መኪናዋ ከመንገድ ወጥታ ተገለበጠች። አበበ በመኪናዋ ውስጥ እንደ ተያዘ ነጋ፤ ከውስጧ የወጣው በማግስቱ ጠዋት ነበር። ዕድሜው ገና 36 ዓመት ነበር። በተመረመረም ጊዜ ጉዳቱ በአንገቱ ላይ መሆኑ ታወቀ። እነዚያ ሁለት ጊዜ የዓለምን ሯጮች ሁሉ የቀደሙ እግሮች አልንቀሳቀስ አሉ፤ እጆቹም እንደዚሁ ሰነፉ።

የደረሰበትን ጉዳት በሚገባ ለመረዳት ስለ ሰውነታችን አሠራር ጥቂት ማወቅ ያስፈልጋል። ከአንጎል ተነሥቶ በጀርባ አጥንት ውስጥ ወደ ታች የሚወርድ ለስላሳ ገመድ አለ፤ ስሙም ኅብለ ሰረሰር ይባላል። አንጎል ለእጅና ለእግር ትእዛዝ የሚያስተላልፈው፣ እጅና እግርም ሕመምን፣ ሙቀትንና ቅዝቃዜን ለአንጎል የሚያስታውቁት በዚህ ገመድ አማካይነት ነው። የጀርባ አጥንት ተሰብሮ ወይም ተናግቶ ይህን ገመድ ከተጫነው ወይም ከቆረጠው ከጉዳቱ በታች ያለው የሰውነት ክፍል ከአንጎል ጋር ያለው ግንኙነት ይቋረጣል። ጉዳቱ በወገብ ወይም በደረት አንጻር ሲሆን እግሮች ይሽመደመዳሉ፤ በአንገት ላይ ሲሆን ግን እጆችም ጭምር ይያዛሉ። የተሰበረ የእጅ አጥንት ታስሮ ሊጠገን ይችላል፤ የተቆረጠ ኅብለ ሰረሰር ግን ተመልሶ አይቀጠልም።

አበበ አደጋው በደረሰ በሳምንቱ በአውሮፕላን ወደ እንግሊዝ አገር ተወስዶ ስቶክ ማንደቪል ወደሚባለው ሆስፒታል ገባ። ይህ ሆስፒታል ለምን እንደ ተመረጠ መገንዘብ አስፈላጊ ነው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፊት ኅብለ ሰረሰሩ የተጎዳ ሰው ተስፋ እንደሌለው ይቆጠር ነበር። አብዛኞቹ የሚሞቱትም በራሱ በስብራቱ ሳይሆን ስብራቱን ተከትለው በሚመጡ ሁለት ነገሮች ነበር። አንደኛው የአልጋ ቁስል ነው። ሰውነቱ ስሜት ያጣ ሰው ለረጅም ጊዜ በአንድ ጎኑ ሲተኛ ደም የማይዘዋወርበት ሥጋ ይበሰብሳል፤ ሕመም ስለማይሰማው ግን አይገላበጥም። ሁለተኛው ሽንት በፊኛ ውስጥ እየተጠራቀመ ኩላሊትን መመረዙ ነው።

ይህን ሁኔታ ከለወጡት ሰዎች አንዱ ዶክተር ሉድቪግ ጉትማን ናቸው። እኚህ ሐኪም በጀርመን አገር የተወለዱ አይሁዳዊ ሲሆኑ የናዚዎችን ግፍ ሸሽተው በ1939 እ.ኤ.አ. ወደ እንግሊዝ ተሰደዱ። በ1936 ዓ.ም. ማለትም በ1944 እ.ኤ.አ. በስቶክ ማንደቪል ሆስፒታል ውስጥ የኅብለ ሰረሰር ጉዳት የሚታከምበት ክፍል እንዲያቋቁሙ አደራ ተሰጣቸው። ያስገቡትም ሥርዓት ለመናገር ቀላል፣ ለመፈጸም ግን አድካሚ ነበር። ሕመምተኛው ቀንም ሆነ ሌሊት በየሁለት ሰዓቱ ይገላበጣል፤ ፊኛው በንጽሕና ይጠበቃል፤ መገጣጠሚያዎቹ እንዳይደርቁ እጅና እግሩ በየዕለቱ ይታጠፋሉ፣ ይዘረጋሉ። ከአልጋ መነሣት የቻለ ሁሉ በተሽከርካሪ ወንበር ላይ ሆኖ ሥራና ስፖርት እንዲለማመድ ይደረጋል። ዶክተሩ ስፖርትን የሕክምናው ክፍል አድርገው ያዩት ነበር። ለምሳሌ ቀስት መሳብ ትከሻንና ክንድን ያበረታል፤ ተቀምጦ ሚዛንን መጠበቅንም ያስተምራል።

በ1940 ዓ.ም. የለንደን ኦሊምፒክ በተከፈተበት ዕለት በዚያው ሆስፒታል ሜዳ 16 የጦር ጉዳተኞች በተሽከርካሪ ወንበር ላይ ሆነው በቀስት ኢላማ ተወዳደሩ። ውድድሩ ከዓመት ወደ ዓመት እያደገ ሄዶ በመስከረም 1953 ዓ.ም. በሮም ከተማ ተካሄደ። ይህም በኋላ ፓራሊምፒክ የተባለው ውድድር የመጀመሪያው ሆኖ ይቆጠራል። ቀኑን ልብ በሉ። አበበ በባዶ እግሩ በሮም ጎዳና ሮጦ ካሸነፈ በኋላ ሁለት ሳምንት እንኳ ሳይሞላ በዚያችው ከተማ በተሽከርካሪ ወንበር ላይ ያሉ ሰዎች ተወዳደሩ። በዚያ ጊዜ በድል ደስታ ወደ አገሩ የተመለሰው ወጣት ወታደር እርሱ ራሱ አንድ ቀን ከእነርሱ ጋር እንደሚሰለፍ ሊያስብ አይችልም ነበር።

አበበ በስቶክ ማንደቪል ስምንት ወር ያህል ታከመ። የእንግሊዝ ንግሥት ኤልሳቤጥ ጭምር ሄደው ጠይቀውታል። ከጊዜ በኋላ የእጆቹ ኃይል ተመለሰለት፤ እግሮቹ ግን እንደ ሰነፉ ቀሩ። እዚህ ላይ ቆም ብለን ማሰብ ይገባናል። ለሌላው ሰው መራመድ የኑሮ መሣሪያ ነው፤ ለአበበ ግን ሩጫ ሙያውም፣ ክብሩም፣ ስሙም ነበር። ዓለም የሚያውቀው በእግሮቹ ነው። ስለዚህ የደረሰበት ኀዘን ከሌላው የከፋ ቢሆን ባላስደነቀ ነበር። አልጋ ላይ ሆኖ ያለፈውን ዘመን እያሰበ መቆዘም ይችል ነበር፤ ማንም ባልፈረደበት። እርሱ ግን የቀረውን ለመጠቀም ወሰነ፤ የቀሩትም እጆቹ ነበሩ።

በ1962 ዓ.ም. ክረምት እዚያው በስቶክ ማንደቪል በተደረገው የተሽከርካሪ ወንበር ስፖርተኞች ውድድር ላይ በቀስት ኢላማና በጠረጴዛ ቴኒስ ተሰለፈ። ሁለት የወርቅ ሜዳይ ያገኘ ሰው እንደ ጀማሪ ተማሪ ቀስት አያያዝ ሲለማመድ ማየት ለተመልካቹ ምን ያህል እንደሚያስገርም መገመት አያዳግትም። በሚያዝያ 1963 ዓ.ም. ደግሞ አካለ ጉዳተኞች ወደሚወዳደሩበት ጨዋታ ተጋብዞ ወደ ኖርዌይ ሄደ። በዚያም በረዶ በማያውቀው አገር የተወለደው አበበ በበረዶ ላይ በተካሄደው የተንሸራታች ውድድር አንደኛ ወጣ። በነሐሴ 1964 ዓ.ም. በጀርመን አገር በሙኒክ የኦሊምፒክ ጨዋታ ሲከፈት የክብር እንግዳ ሆኖ በተሽከርካሪ ወንበሩ ላይ በታየ ጊዜ ሕዝቡ ከመቀመጫው ተነሥቶ አጨበጨበለት። በዚያ ኦሊምፒክ ማራቶንን ያሸነፈው አሜሪካዊው ፍራንክ ሾርተርም ሜዳዩን ከተቀበለ በኋላ ወደ አበበ ሄዶ እጁን ጨበጠው።

ይሁን እንጂ ኅብለ ሰረሰሩ የተጎዳ ሰው ከሆስፒታል በመውጣቱ አደጋው አያበቃም። አበበ ጥቅምት 15 ቀን 1966 ዓ.ም. በአንጎሉ ውስጥ ደም በመፍሰሱ በ41 ዓመቱ ዐረፈ፤ ሞቱም ከመኪናው አደጋ ጋር የተያያዘ መሆኑ ተነግሯል። ባለቤቱንና አራት ልጆቹን ትቶ በአዲስ አበባ በቅዱስ ዮሴፍ መካነ መቃብር ተቀበረ። በቀብሩም ሥነ ሥርዓት ላይ ንጉሠ ነገሥቱ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴና በብዙ አሥር ሺህ የሚቆጠር ሕዝብ ተገኝተዋል። ዛሬ በአዲስ አበባ በስሙ የተሰየመ ስታዲየም አለ።

የአበበ ታሪክ ለእኛ የሚሰጠው ትምህርት ሁለት ነው። የመጀመሪያው በአደጋ ጊዜ ስለሚደረግ ጥንቃቄ ነው። ከጌዶና ከጉደር፣ በአምቦና በግንጪ፣ እስከ ሆለታ በሚዘረጋው አውራ ጎዳና ላይ መኪና ሊገለበጥ፣ በየመንደሩም ሰው ከፈረስ ወይም ከዛፍ ሊወድቅ ይችላል። ጎረቤት ለመርዳት ሲሮጥ የተጎዳውን ሰው በብብቱና በእግሩ ይዞ ብድግ ማድረጉ የተለመደ ነው። አሳቡ በጎ ቢሆንም ውጤቱ ክፉ ሊሆን ይችላል፤ የተናጋ እንጂ ያልተቆረጠ ኅብለ ሰረሰር በዚህ ጊዜ ሊቆረጥ ይችላልና። እሳትን የመሰለ ሌላ አደጋ ካላስገደደ በቀር የተጎዳውን ሰው ባለበት ማቆየት፣ ራሱንና አንገቱን ከሁለት ወገን ይዞ እንዳይዞር ማድረግ፣ መተንፈሱን መከታተል ያስፈልጋል። ማንሣት ግድ ሲሆን ብዙ ሰው ሆኖ ራሱን፣ ጀርባውንና እግሩን በአንድ ጊዜ፣ በአንድ መስመር አንሥቶ በጠንካራ ሳንቃ ወይም በቃሬዛ ላይ ማስተኛት፣ ከዚያም በፍጥነት ወደ ሆስፒታል ማድረስ ይገባል። ራሱን የተመታ ሰው ቢያስመልሰው፣ ቢያንቀላፋ ወይም ንግግሩ ቢዛባ ደግሞ ነገ ይሻለዋል ብሎ ማሳደር አይገባም። ከራስ ቅል በታች የሚፈስ ደም አንጎልን ስለሚጫን እያንዳንዱ ሰዓት ዋጋ አለው።

ሁለተኛው ትምህርት ከሕክምናው በኋላ ስላለው ኑሮ ነው። አበበ ሩቅ አገር የሄደው በዚያን ጊዜ እንዲህ ያለው ልዩ ሕክምና በአገራችን ስላልነበረ ነው። ከዚያ ወዲህ የአንጎልና የኅብለ ሰረሰር ቀዶ ሐኪሞች በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል መሠልጠን ጀምረዋል። ነገር ግን የሐኪሙ ቢላዋ የሥራው መጀመሪያ እንጂ መጨረሻ አይደለም። ሕመምተኛው ወደ ቤቱ ሲመለስ በየሁለት ሰዓቱ የሚያገላብጠው፣ መገጣጠሚያዎቹን የሚያሳስበው፣ ተሽከርካሪ ወንበሩ የሚያልፍበትን ደጃፍ የሚያስተካክልለት ቤተ ዘመድና ጎረቤት ነው። ደረጃውን አፍርሶ ዘቅዛቃ መንገድ የሚሠራለት ትምህርት ቤት አንድን ልጅ ከቤት መቅረት ያድናል። እንዲህ ያለ ሰው የሚፈልገው ከንፈር መምጠጥን አይደለም፤ ሥራን፣ ጨዋታንና እንደ ሰው መቆጠርን ነው።

አበበ በቶኪዮ ካሸነፈ ከ57 ዓመት ገደማ በኋላ፣ በነሐሴ 2013 ዓ.ም. በዚያችው ከተማ በተደረገው የፓራሊምፒክ ጨዋታ ኢትዮጵያዊቷ ትዕግሥት ገዛኸኝ በ1500 ሜትር አንደኛ ወጣች፤ ይህም አገራችን በፓራሊምፒክ ያገኘችው የመጀመሪያው የወርቅ ሜዳይ ነው። አበበ በ1962 ዓ.ም. ቀስቱን ባነሣ ጊዜ በዚህ መንገድ ላይ ከቀደሙት ኢትዮጵያውያን አንዱ ሆኖ ነበር። ስለዚህ የእርሱን ስም በምንጠራበት ጊዜ በሮም ጎዳና የሮጡትን እግሮች ብቻ ሳይሆን በስቶክ ማንደቪል ቀስት የሳቡትንም እጆች ማስታወስ ይገባናል።

መልመጃ

ሀ/ ምንባቡን መሠረት በማድረግ ለሚከተሉት ጥያቄዎች በሙሉ ዓረፍተ ነገር መልስ ስጡ።

1. የሮም ማራቶን በተካሄደበት ዕለት በኢትዮጵያ ምን በዓል ይጠበቅ ነበር?
2. የአንገት ጉዳት ከወገብ ጉዳት የሚከፋው ለምንድን ነው?
3. ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፊት ኅብለ ሰረሰራቸው የተጎዳ ሰዎችን ለሞት ያበቁ የነበሩት ሁለት ነገሮች ምንና ምን ናቸው?
4. ዶክተር ጉትማን ስፖርትን የሕክምና ክፍል ያደረጉት ለምንድን ነው?
5. የምንባቡ ጸሐፊ አብዛኛው ሰው የአበበን ታሪክ ግማሹን ብቻ ያውቃል ያለበትን ምክንያት አስረዱ። በአሳቡ ትስማማላችሁ?

ለ/ የሚከተሉት ቃላት በምንባቡ ውስጥ ያላቸውን ፍቺ ጻፉ፤ በእያንዳንዳቸውም አንድ አንድ ዓረፍተ ነገር ሥሩ።

ዋዜማ፣ ጠገገ፣ ይሽመደመዳሉ፣ መቆዘም፣ ቃሬዛ፣ ዘቅዛቃ

ሐ/ ሰዋስው

በዓረፍተ ነገር ውስጥ ድርጊቱን ሳይፈጽም ወደ ሌላ ግሥ የሚያሸጋግር ግሥ ቦዝ አንቀጽ ይባላል። ለምሳሌ፣ አበበ ፍጥነቱን ጨምሮ ተፎካካሪውን ቀደመ በሚለው ዓረፍተ ነገር ውስጥ ጨምሮ የሚለው ቃል ቦዝ አንቀጽ ሲሆን ቀደመ የሚለው ማሠሪያ አንቀጽ ነው። ከምንባቡ ውስጥ ሌሎች አምስት ቦዝ አንቀጾችን ከነማሠሪያቸው አውጥታችሁ ጻፉ።

መ/ ድርሰት

ከሚከተሉት ርእሶች አንዱን መርጣችሁ ከሁለት ገጽ ያልበለጠ ድርሰት ጻፉ።

1. ከአምቦ ወይም ከአካባቢያችሁ ከተማ በሚወጣው መንገድ ላይ መኪና ተገልብጦ አንገቱ የተጎዳ ሰው አገኛችሁ እንበል። ሆስፒታል እስኪደርስ ድረስ የምታደርጉትን ነገር በቅደም ተከተል ግለጹ።
2. ትምህርት ቤታችሁ በተሽከርካሪ ወንበር ለሚሄድ ተማሪ የሚመች ነው? ያልተመቸውን ነገርና ሊስተካከል የሚችልበትን መንገድ ዘርዝራችሁ አስረዱ።